ግማሽ ምላጭ

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ከነወረቀቱ መሃሉ ላይ አጥፎ «ቀጭ» ያደርገዋል። አንዱን ግማሽ መያዣው ላይ ይሰካል፣ ሌላውን ለሚቀጥለው ሰው ያስቀምጣል። ማንቡክም ይሁን ግልገል በለስ፣ ቻግኒም ይሁን አዲስ አበባ ሥርዓቱ ያው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁትን ይህን ድምፅ ሰሞኑን ማሰላሰል የጀመርኩት በእህቴ ልጅ ሰበብ ነው። ሊያገባ ነው። ምን ላምጣልህ ብለው፣

«ጋሼ፣ ያንን ፊልም ላይ የሚታየውን የሚታጠፍ ምላጭ፤ ከነሙሉ ዕቃው» አለኝ።

ልጁ ጺሙን በገዛ እጁ ተላጭቶ አያውቅም። እናቱ ከጓዳ ሆና ሰምታን ኖሮ፣ «ለሙሽራ ስለት ይሰጣል እንዴ? ጤና የላችሁም?» ብላ ሁለታችንንም አንድ ላይ ገሠጸችን።

እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ባለ ሁለት ስለቱ ምላጭ መጀመሪያ የተሠራው ወንዶች ፀጉር ቤት መመላለስ እንዲተዉ ነው የሚል ነገር የሆነ ዘመን አንብቤያለሁ። እውነት ከሆነ፣ የኛ ሰው በየቀኑ ለሁለት የሚሰብረው እንጀራውን ሊዘጋ የመጣውን ጠላት ነው። አጣራሁ።

ነገሩ ከሞላ ጎደል እውነት ነው። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለው አሜሪካዊ ቆርኪ ሻጭ ነበር፤ አዎ፣ ይኸው የቢራና የለስላሳ ቆርኪ። አለቃው የቆርኪው ፈልሳፊ ዊልያም ፔይንተር ሲሆን፣ ሰው አንዴ ተጠቅሞ የሚጥለውና ተመልሶ የሚገዛው ነገር ፍጠር ብሎ መከረው ይባላል። በዚያ ዘመን የሚላጩት በሚታጠፈው ምላጭ ነው። እሱ ደግሞ ከመላጨት በፊት በቆዳ ማፋተግ፣ በየጊዜው በድንጋይ መሳል ይፈልጋል፤ ያልቻለበት ፀጉር ቤት ይሄዳል። ጂሌት ሲደንዝ የሚጣል ስስ ምላጭ አሰበ። ብረት ዐዋቂዎቹ አይሆንም ቢሉትም ዊልያም ኒከርሰን የተባለ መሐንዲስ መላ አገኘለት። የፈጠራ ማመልከቻው እ.ኤ.አ. በ1901 ገባ፣ መብቱ በ1904 ተሰጠ። ሽያጭ በተጀመረበት በ1903 የተሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዓመት መላጫው ከ90 ሺህ አለፈ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን ያህል አዘዘ፤ ወታደሩም ልማዱን ይዞ አገሩ ገባ። የዚያ አገር ፀጉር ቤት ከዚያ ወዲህ ጺም ላጭቶ መኖር እየከበደው ሄደ።

የኛው ምላጩን ሰብሮ እጀታ ውስጥ ከተተውና የድሮውን የሚታጠፍ ምላጭ መልሶ አገኘ። ድንጋይ አያሻው፣ ማፋተጊያ ቆዳ አያሻው። ደንበኛውም እንደ ጥንቱ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ጣሪያ ያያል። ይህ ልማድ እንደ ሕግ የጸናው በኤችአይቪ ዘመን ይመስለኛል። የቫይረሱ ምልክት በአገራችን የታየው እ.ኤ.አ. በ1984፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1986 ነው። ከዚያ ወዲህ ስለት ያለው ነገር በጋራ አይያዝ የሚለውን ያልሰማ፣ በፀረ ኤድስ ክበብ ድራማ ላይ ቢያንስ ሬሳ ሆኖ ያልተጫወተ ተማሪ ብዙም አይገኝም። ከሰው ወደ ሰው የሚሻገር አንድ ምላጭ ያለበት ፀጉር ቤት ማን ይገባል? ዓይንህ እያየ አዲሱ ምላጭ ከወረቀቱ ሲወጣ፣ አልኮሉ ሲረጭና ማሽኑ ላይ እሳት ቦግ ሲል ነው ልብህ የሚረጋው።

ይህን ሁሉ ለአንድ የታሪክ አስተማሪ ወዳጄ ሳወራ ነገር ተበላሸ። «ምላጭማ የግብጽ ነው» አለኝ፣ የቡና ሲኒውን እንኳ ሳያስቀምጥ። የመዳብና የነሐስ ምላጭ ከጥንታዊ ግብጻውያን መቃብር ወጥቷል፤ ሄሮዶቱስም ካህናቶቻቸው በየሁለት ቀኑ ሰውነታቸውን በሙሉ ይላጩ እንደነበር ጽፏል። (የኛዎቹ ካህናት ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ መገመት አያቅትም።) ሁሉም ልክ ነው። ነገር ግን ማንቡክ የሚኖር፣ ወደ ጉባ የሚሄደው መንገድ በደጁ የሚያልፍ፣ የሕዳሴው ግድብ መሠረት ከተጣለበት ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጀምሮ የከባድ መኪና አቧራ ሲጠጣ የኖረ ሰው፣ ምላጩንም ለግብጽ አስረክብ ሲባል እንዲህ በቀላሉ አይሰጥም።

ስለዚህ ባልጩት ይዤ መጣሁ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ፣ አዋሽ ዳር፣ መልካ ቁንጡሬ አለ። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ባልጭት የሚባል ስፍራ አለ፤ ባልጩቱ፣ ማለትም ጥቁሩ የመስታወት ድንጋይ፣ መሬት ላይ ተበትኖ ይገኛል። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2024 በአንድነት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ ጥናት፣ በአካባቢው ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሰዎች ባልጩት እየጠረቡ የእጅ መጥረቢያ በብዛት ይሠሩ እንደነበር ያስረዳል። ግብጽ ያኔ የት ነበረች? ሙያውም ቢሆን ዕድሜው ረጅም ነው፤ በወላይታና በጉራጌ ቆዳ ፋቂዎች ባልጩት እጀታ ላይ ሰክተው ሲፍቁ፣ ሲደንዝም አውጥተው ሲጥሉ አጥኚዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መዝግበዋል። እጀታው ቋሚ፣ ስለቱ ተጣይ። ቆርኪ ሻጩ ጂሌት ይህን ቢያይ ኖሮ ያን ያህል ባልተጨነቀ።

ወዳጄ አልተረታም። እኔም አልተውኩትም። ስፔኖች ሜክሲኮ ሲደርሱ አገሬው በባልጩት ምላጭ እንደሚላጭ ጽፈዋል አልኩት። ዶን ክራብትሪ የሚባል አሜሪካዊ ድንጋይ ጠራቢ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለቀዶ ሕክምና ሲገባ ሐኪሙን ለምኖ ራሱ በሠራው የባልጩት ስለት ተቀዷል አልኩት። አዲስ የተሰነጠቀ ባልጩት ጠርዙ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከቀዶ ሕክምናው ብረት ይልቅ ስስ ነው አልኩት። ጨርሶ ሰማኝና፣

«እና መልካ ቁንጡሬ ላይ ጺሙን የተላጨው ማን ነው?» አለ።

ማንም ተላጨ ያለ የለም። እኔ ስለቱን ነው ያልኩት፤ ጺሙን ግብጽ ትውሰድ።

የእህቴ ልጅ የጠየቀኝ ዕቃ ግን ባልጩትም ነሐስም አይደለም። የሱ ነገር፣ ማለትም ሰው በገዛ እጁ ራሱን ይላጭ የሚለው ሐሳብ፣ ዣን ዣክ ፔሬ ከተባለ ፈረንሳዊ ስለት ሠሪ ጋር ይያያዛል። ፔሬ እ.ኤ.አ. በ1769 ራስን በራስ መላጨት እንዴት እንደሚለመድ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳትሟል። ከአናጢ መላጊያ ተምሮም፣ ስለቱ ጥቂት ብቻ ብቅ እንዲል አድርጎ ምላጩን እንጨት አለበሰው፤ ጀማሪው ጉንጩን ቢስት እንኳ ጥልቅ እንዳይቆረጥ። ለጀማሪ የሚሆን ምላጭ መምረጥ እንግዲህ ከ250 ዓመት በላይ የቆየ ራስ ምታት ነው።

አዲስ አበባ ስሄድ አንድ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ገባሁ። ሳጥኑ ያምራል። ቀይ ከፋይ ተነጥፎበታል፤ ምላጭ፣ ብሩሽ፣ ጎድጓዳ ሳህን፣ ማንጠልጠያ። ባለሱቁ «ኦርጅናል ጀርመን» አለኝ። ዞሊንገን በምላጭ የታወቀች የጀርመን ከተማ ናት፤ እዚያ ያልተሠራ ስለት ስሟን እንዳይለጥፍ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል። ሳጥኑን ገለበጥኩት፤ ዞሊንገን የለም። ምላጩን ክንዴ ላይ ባስኬደው ፀጉሬን አበጠረው። «እሱን አስስለው ነው እንጂ» አለኝ ቅር ብሎት። የት? ማን ጋ? ያን ከፋይ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። የሚታጠፍ ምላጭ ለጀማሪ ሲመረጥ ስፋቱ ከኢንች 5/8 ወይም 6/8 ቢሆን ይመከራል፤ ከዚያ የጠበበው ይወላገዳል፣ የሰፋው አፍንጫ ሥር አይገባም። ጫፉ ክብ ይሁን፤ ሹል ጥግ ያለው ጆሮ ይበላል። ሲላጩ ከቆዳ ጋር 30 ዲግሪ ያህል አጋድሎ መያዝ ነው። ይህ ሁሉ ይለመዳል። የማይለመደው መሳሉ ነው። ለምላጭ የሚሆነው መሳያ ድንጋይ ጣት ቢያሻሹበት እንደ ጠርሙስ የሚያዳልጥ ነው፤ ማንቡክ ያለው ደግሞ ለማጭድና ለመጥረቢያ የተፈጠረ። አንድ ጊዜ ቢጎተትበት ምላጩ መጋዝ ሆኖ ይነሳል። ዝገት የማይችለው ብረት ለመሳል ይቀላል፤ ግን የኛን ክረምት አስቡት። እህቴ «የሰሊጥ ዘይት ይቀባዋ» አለች፤ ማንቡክ ያለበት መተከል ሰሊጥ ሞልቷል። ችግሩ የምግብ ዘይት ሲቆይ ይጣበቃል፣ ቀጥሎ ሙጫ ይሆናል።

ብሩሹም ሌላ ጣጣ ነው። ርካሹ ብሩሽ ብዙውን ጊዜ የአሳማ ፀጉር ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለ ስብሰባ የሚስማሙበት አንድ ጉዳይ ቢኖር ይኸው ነውና፣ የአሳማ ፀጉር በሳሙና አርሶ የሙሽራ ፊት መቀባት ሠርግ ያስፈርሳል። ሰው ሠራሹ ይበቃል፤ ቶሎም ይደርቃል።

ለልጁ አንድ ነገር እሰጠዋለሁ፤ ፍላጎቱ ከፊልም ብቻ የመጣ አይደለም። አንገቱ ሥር ከተላጨ በኋላ ያብጥበታል። ጥምዝ ጺም ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሦስትና አምስት ስለት የተደረደረበት መላጫ ፀጉሩን ከቆዳ በታች ይቆርጠዋል፣ እሱም ሲያድግ ተጠማዝዞ ወደ ውስጥ ይገባል። አንድ ስለት፣ ፀጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ፣ ብዙ ሳይጫኑ፤ የቆዳ ሐኪሞችም ከዚህ ብዙ የራቀ አይሉም። ግማሽ ምላጭም ደግሞ አንድ ስለት ነው።

ስለዚህ የፀጉር አስተካካዮቹን መያዣ፣ አንድ ፓኬት ምላጭ፣ ሰው ሠራሹን ብሩሽና የጺም ሳሙና ገዛሁ። የእውነተኛው ምላጭ ወዳጆች ግማሹ ለጀማሪ ይበልጥ ያደማል ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ስስ ነው፣ ስሕተት አይምርም። ቢሆንም ሲደንዝ መፍትሔው ማንቡክ ውስጥ በየኪዮስኩ ተሰቅሏል። መጀመሪያ ጉንጩን ብቻ ይላጭ፣ አገጩንና ከንፈር ላዩን እጁ እስኪፈታ ለባለሙያው ይተው ብዬዋለሁ። ፀጉር አስተካካዮች ሲሠለጥኑ ፊኛ ሳሙና ቀብተው ይላጫሉ። ከሠርግ አዳራሽ ፊኛ ይተርፋል፤ ይዞ ይሂድ።

ዕቃውን ሲያይ ፊቱ ወደቀ። «ጋሼ፣ ይሄማ ፀጉር ቤት ያለው ነው።»

«ስለዚህ ጥገና የት እንደሆነ ታውቃለህ» አልኩት።

የቀረችው እናቱ ናት። ፈረንጆቹ ስለት ወዳጅነት ይቆርጣል ብለው ስለሚፈሩ፣ ተቀባዩ ለሰጪው አንዲት ሳንቲም ይከፍልና ነገሩ ሽያጭ ሆኖ ያልፋል። ይህን ስነግራት ትንሽ አሰበችበትና «ይክፈላ!» አለች። ልጁ ኪሱን ቢበረብር ሳንቲም የለም፤ ስልኩን አውጥቶ አንድ ብር በቴሌብር ላከልኝ። እህቴ ግን ሽያጩን አላጸደቀችም፤ ሳንቲሙ ሲንቃጨል በጆሮዋ ካልሰማች ዕቃው እሷ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆያል።