ሃምሳ ሎሚና አንድ አማካይ

በእኛ በቋንቋና በሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ዘንድ አንድ የቆየ ኩራት አለ፤ ቁጥርን አለመውደድ። «እኔ እኮ ከሂሳብ ሸሽቼ ነው እዚህ የገባሁት» የሚል ሰው በየመኝታ ክፍሉ አይጠፋም። የሚሰማውም እንደ ጥሩ ቀልድ ይስቅለታል። ታዲያ ይኸው ሸሽቶ የመጣ ሰው የጥናት ዘዴ የሚባለው ትምህርት በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። መጠይቅ አዘጋጅ፣ ሰው ጠይቅ፣ ያገኘኸውን አደራጅ፣ ጠቅልለህም አቅርብ ይባላል። አማካይ፣ መካከለኛ፣ ተደጋጋሚ፣ ሥርጭት የሚባሉት ቃላትም እዚህ ላይ ይመጣሉ። በእኔ እምነት እነዚህ ቃላት የሂሳብ ሰዎች ብቻ ንብረት አይደሉም። ስለ ሰው እጽፋለሁ የሚል ሁሉ ያለ እነሱ ብዙ ርቀት አይሄድም።

ለዚህም ምስክር ከሩቅ አልጠራም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱን የምንጠቅሰው ስለ መተባበር ስንናገር ነው። እስቲ ዛሬ ደግሞ እንደ ጥናት መረጃ እንየው።

ሃምሳ ሰዎች መንገድ ይሄዳሉ እንበል። በመጀመሪያው ቀን አንዱ ሃምሳውን ሎሚ ተሸክሞ አርባ ዘጠኙ ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ። በሁለተኛው ቀን እያንዳንዱ አንዳንድ ይይዛል። አማካይ ማለት ጠቅላላውን ለሰዉ ቁጥር ማካፈል ነውና፣ በሁለቱም ቀን መልሱ አንድ ሎሚ ለአንድ ሰው ይሆናል። ልዩነት የለም! ሸክሙንና ጌጡን አማካዩ አንድ አድርጎ አስቀምጦታል። ሰዎቹን በያዙት ልክ ከትንሹ ወደ ትልቁ አሰልፈን መሐል ላይ የቆመውን፣ ማለትም መካከለኛውን ብንጠይቅ ግን፣ በመጀመሪያው ቀን «ምንም አልያዝኩም» ይለናል፤ በሁለተኛው ቀን «አንድ»። ከትልቁ ትንሹን ብንቀንስ በመጀመሪያው ቀን ሃምሳ፣ በሁለተኛው ዜሮ እናገኛለን።

ስታንዳርድ ዲቪዬሽን የሚባለውና ብዙዎቻችን ስሙን ስንሰማ የምንደነግጥበት ነገርም ከዚህ የተለየ ሥራ የለውም፤ ሰዎቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደራቁ ይነግረናል። አርባ ዘጠኙ ባዶ እጃቸውን የሄዱት ከአማካዩ በ1 ይርቃሉ፤ ተሸካሚው በ49። ርቀቶቹን እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝተን ስንደምር 49 ሲደመር 2401፣ ማለትም 2450 ይመጣል። ለ50 ስናካፍለው 49፤ የዚህም ካሬ ሩት 7 ነው። በሁለተኛው ቀን ግን ዜሮ! አማካዩ ዝም ያለውን ይህ ቁጥር ተናገረ። አባቶቻችን ካሬ ሩት ሳያወጡ ጉዳዩ ገብቷቸው ነበር።

ይህ በሎሚ ሲሆን ጨዋታ ነው። በሰው ኑሮ ላይ ሲመጣ ግን ጨዋታነቱ ያበቃል። ለዚሁ ትምህርት ልምምድ አምስት ሆነን ከከተማው ዳር ወደሚገኝ አንድ ሰፈር ወርደን ውኃ የሚቀዱ ዘጠኝ ሴቶችን «ደርሶ ለመመለስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅብዎታል?» ብለን ጠየቅን። ዘጠኝ ሰው ስለ አንድ ሰፈር እንኳ አፍ ሞልቶ የሚያናግር ቁጥር አይደለም፤ ለልምምድ ግን በቂ ነው። መልሱ በደቂቃ ተሰፍሮ አይመጣም። አንዷ «ኧረ ቅርብ ነው ልጆቼ» ይላሉ፤ አንዷ «ቡና ቆልቼ እስክወቅጥ ያህል ነው»፤ ሌላዋ «እንደ ሰልፉ ነው»። ዘጠነኛዋ እናት «12 ሰዓት ላይ ወጥቼ 4 ሰዓት ላይ እመለሳለሁ» አሉን። ከ12 ላይ 4 ቀንሶ 8 ብሎ የሚጽፍ ደብተር ያዥ ቢኖር እኮ የእኚህን እናት መንገድ እጥፍ ያደርገው ነበር! ከንጋቱ 12 እስከ ረፋዱ 4 ድረስ አራት ሰዓት ነው። መረጃ ማደራጀት የሚሉት ሥራ ገና ከመጀመሪያው ትርጉም መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። የሰውን ንግግር ወደ ደቂቃ ስንገለብጥ የሚፈሰው እንዳይበዛ ደግሞ ደጋግሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ደጋግመን ጠይቀን ያገኘነው በደቂቃ ሲሰለፍ 10፣ 15፣ 15፣ 15፣ 20፣ 25፣ 30፣ 35 እና 240 ሆነ። ድምሩ 405፤ አማካዩ 45። ከዘጠኙ ሴቶች ግን አርባ አምስት ደቂቃ የሚፈጅባት አንዲትም የለች። መካከለኛው 20 ነው፤ የተደጋገመው 15።

ከመካከላችን አንዱ «እኚህን የመጨረሻዋን እንተዋቸው፤ ሠንጠረዡን ያበላሹብናል» አለ። ነገሩ ወዲያው ክርክር ሆነ። እሳቸው ከወጡ የስምንቱ አማካይ 21 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለውን ወረቀት ያነበበ ባለሥልጣን «ይህ ሰፈር ችግር የለበትም» ብሎ ወደ ሌላ ሰፈር ያልፋል። እሳቸው ገብተው 45 የሚለውን ብቻ ያነበበ ደግሞ «ሰፈሩ በሙሉ ከውኃ የራቀ ነው» ብሎ ሁለተኛ ቦኖ እዚያው በፊተኛው አጠገብ ሊያስተክል ይችላል። በሁለቱም መንገድ እኚህ እናት አራት ሰዓታቸውን መሄዳቸው አይቀርም።

ስለዚህ ተመልሰን ጠየቅናቸው። ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ወደ ቦኖው የሚያሻግር ድልድይ ስለሌለ ሽቅብ ወደ ምንጭ ይሄዳሉ። እንግዲህ 240 የምትለዋ ቁጥር የቀለም ስሕተት አልነበረችም፤ ከሁሉ የበለጠ የሚያስረዳውን ነገር የያዘችው እሷ ነበረች። የተስማማንበትም ይህ ነው፦ የራቀ ቁጥር ሲገኝ መጀመሪያ መመርመር፤ ስሕተት ከሆነ ማረም፤ እውነት ከሆነ አለመንካት። በመጨረሻ ዘጠኙንም ቁጥሮች አሰልፈን፣ መካከለኛውን፣ ትንሹንና ትልቁን ጽፈን፣ ከሥሩ ስለ ወንዙ ማዶ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርን። ዘጠኝ ቁጥር በአንድ አማካይ የሚሸፈንበት ምክንያት አልነበረም።

ብዙ ጊዜ የሚደጋገመው ቁጥርም ቢሆን እንደ ወረደ አይታመንም። በአገራችን በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ጠቅላላ የሕዝብ ቆጠራ ተካሂዷል። በእንዲህ ያለ ቆጠራ ዕድሜ ሲጠየቅ በ0 እና በ5 በሚያልቁ ዓመታት ላይ ሰው ይከመራል። 39 ወይም 41 ከሚለው ይልቅ 40 የሚለው ይበዛል። በእነዚያ ዓመታት የተለየ ወሊድ ስለነበረ አይደለም፤ የልደት ቀኑ ያልተጻፈለት ሰው ዕድሜውን በግምት ስለሚያጠጋጋ ነው። በእንዲህ ያለ መረጃ ውስጥ ተደጋጋሚው ቁጥር የሚነግረን ስለ ዕድሜው ብቻ ሳይሆን ስለ መልስ አሰጣጣችንም ጭምር ነው። ስለዚህም አጥኚዎች ዕድሜን በአምስት በአምስት ዓመት መድበው ያቀርባሉ። ምደባው ክምሩን በመጠኑ ያለዝበዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም።

«ይህ ሁሉ ለግጥም ሰው ምን ይፈይዳል?» የሚለኝ አይጠፋም። እንዴ! ግጥም ራሱ የተቆጠረ ነገር አይደለም ወይ? የወል ቤት ስድስት ስድስት ሆኖ ዐሥራ ሁለት ቀለም ነው፤ ሰንጎ መገን አምስት አምስት ሆኖ ዐሥር። ግማሹ ስንኝ በወል ቤት፣ ግማሹ በሰንጎ መገን የተጻፈ ግጥም ቢያጋጥመንና የስንኞቹን ቀለም ቆጥረን አማካይ ብናወጣ 11 ይሆናል። ዐሥራ አንድ ቀለም ያለው ስንኝ ግን በግጥሙ ውስጥ የለም። ድግግሞሹን በሠንጠረዥ ብናሰፍር ግን 10 ላይ አንድ ክምር፣ 12 ላይ ሌላ ክምር ቆሞ እናያለን፤ ገጣሚው ሁለት ቤት እንደመታም ወዲያው ይገባናል።

ማየት ካልኩ ዘንድ አንድ ምሳሌ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1973 ፍራንሲስ አንስኮምብ የተባለ የስታቲስቲክስ ምሁር አራት ትንንሽ የመረጃ ስብስቦችን አሳተመ። በእያንዳንዱ ውስጥ ዐሥራ አንድ ጥንድ ቁጥሮች አሉ። በአራቱም የአንደኛው ቁጥር አማካይ 9፣ የሁለተኛው 7.5 ገደማ ነው፤ ሥርጭታቸውም ዝምድናቸውም ተመሳሳይ ነው። በወረቀት ላይ በነጥብ ሲሳሉ ግን አንዱ በመስመር ዙሪያ የተበተነ፣ አንዱ እንደ ቀስት የጎበጠ፣ አንዱ ቀጥ ብሎ ሄዶ አንድ ነጥብ ብቻ ያፈነገጠበት፣ አንዱ ደግሞ እንደ ዓምድ ቆሞ አንድ ነጥብ ወደ ሩቅ የወረወረ ሆኖ ይገኛል። ሰውዬው ለማስተማር የፈለገው፣ ከማስላት ጋር መሳልም እንደሚያስፈልግ ነው። እርሳስና ካሬ ወረቀት ደግሞ ከማንም ኪስ በላይ አይደሉም።

እንግዲህ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ለመጀመር የተነሣችሁ ጓደኞቼ፣ አማካይ ብቻውን ሲቀርብላችሁ አትቀበሉ፤ እናንተም ብቻውን አታቅርቡት። ስንት ሰው ተጠየቀ? ስንቱ አልመለሰም? መሐል ላይ የቆመው ማን ነው? ዳር ላይ የቀረውስ? የሚሉትን አስከትሉበት። መጠቅለል የግድ ነው፤ ሺህ መጠይቅ እንዳለ ለአንባቢ አይሰጥም። ሆኖም የምንጠቀልለው የሰው ቃል ነውና፣ ያፈነገጠ ቁጥር ከመሰረዙ በፊት አንድ ሰው ተነሥቶ ወንዙን ይሻገርና ይጠይቅ።