«ለሁለት ዶላር ብለህ ነው?»

የስልክ ቢል ላይ ያልገባኝን ሒሳብ ልጠይቅ ስል ከቤትም ከጓደኛም የምሰማው ይህንኑ ነው። «ተወው በቃ! ለሁለት ዶላር ብለህ ነው ስልክ ላይ ተጥደህ የምትውለው?» ሲሰሙት ምክሩ ልክ ይመስላል። የሰዓት ደሞዛችንን ካሰብነው ደውሎ መከራከር ኪሳራ ነው። እኔ ግን ይህ ምክር ማንን እንደሚያበለጽግ ካወቅኩ ወዲህ አልቀበለውም። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

እዚህ አሜሪካ፣ ስማርትፎን ሁሉም እጅ ባልገባበት ጊዜ፣ ብዙ ሰው የሚይዘው ቁልፍ ያለው ስልክ ነበር። ከቁልፎቹ አንዱ ሳይታሰብ ከተነካ ኢንተርኔት ይከፍታል። የዳታ ፓኬጅ የሌለውን ደንበኛ ቬራይዞን ዋየርለስ በአንድ ሜጋባይት 1.99 ዶላር ያስከፍለው ነበር። ዛሬ በስልካችን የምናነሳት አንዲት ፎቶ ብቻ ሁለት ሦስት ሜጋባይት እንደምትሆን አስቡት። ኢንተርኔት ምን እንደሆነ የማያውቁ ሰዎች ቢላቸው ላይ ይህቺን 1.99 ማየት ጀመሩ። አብዛኛው ከፈለ። ጥቂቱ ደወለ፣ ጻፈ፣ አላስቀምጥ አለ። በ2009 መገባደጃ ላይ የኒው ዮርክ ታይምስ የቴክኖሎጂ አምደኛ ዴቪድ ፖግ ነገሩን አደባባይ አወጣው። በ2010 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ሰው በአጭሩ ኤፍሲሲ የሚለው መሥሪያ ቤት፣ ምርመራ ከፈተ።

ምርመራው ያወጣው ጉድ የጣት ስህተት ብቻ አልነበረም። ከስልኩ ጋር ተጭነው የሚመጡ ጨዋታዎች ማንም ሳያዛቸው በራሳቸው ዳታ ይጠቀሙ ነበር። ነጻ ነው የተባለው የኩባንያው መነሻ ገጽ ያስከፍል ነበር። ከሁሉም የሚገርመው፣ ኔትወርክ ደካማ ሆኖ ገጹ ሳይከፈት ቢቀርም ሙከራው ራሱ ይታሰብ ነበር። ቁጥሩ ሲወጣ ከኅዳር 2007 ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ያለአግባብ ሳይከፍሉ አልቀሩም የተባሉት ደንበኞች ወደ 15 ሚሊዮን ደረሱ። ጥቅምት 2010 በተደረገው ስምምነት ኩባንያው ቢያንስ 52.8 ሚሊዮን ዶላር ለደንበኞቹ ሊመልስ፣ 25 ሚሊዮን ዶላር ደግሞ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ሊከፍል ተስማማ።

እስቲ 52.8 ሚሊዮኑን ለ15 ሚሊዮን አካፍሉት። ለአንድ ሰው ሦስት ዶላር ተኩል ገደማ ነው። አንድ ማኪያቶ እንኳ በቅጡ አይገዛም። እያንዳንዱ ደንበኛ ለብቻው ሆኖ ሲያሰላ «ለሁለት ዶላር ብዬ ነው?» ማለቱ ትክክል ነበር። የኩባንያው ሒሳብ ግን በእኛ ሳይሆን በ15 ሚሊዮን የሚባዛ ነው። ትልቅ ስህተት ቢልህ ላይ ቢመጣ ትጮሃለህ፤ ትንሽ ስህተት ግን ዕድሜዋ ረጅም ነው። እዚያች ቢል ላይ ሦስት ዓመት የኖረችው ትንሽ ስለሆነች ነው።

የእኛ ነገር ደግሞ የሚገርመኝ፣ ሒሳብ የማይጠይቅ ሕዝብ አለመሆናችን ነው። እድር ላይ የ50 ብር ደረሰኝ ጎደለ ተብሎ ገንዘብ ያዡ ቆሞ ሲመረመር ያመሸንበት ስብሰባ ስንት ነው! ሰውዬው ጎረቤታችን፣ ምናልባትም የልጃችን የክርስትና አባት ነው። እሱን ለመጠየቅ ይሉኝታ አይዘንም፤ የእድር ብር የሁሉም ነውና። አይተነውም ሆነ ሰምተነው ለማናውቅ ኩባንያ ሲሆን ግን «ተወው» እንላለን። በእንግሊዝኛ መከራከሩ ይከብዳል፣ ሙዚቃ እያሰማ የሚያስጠብቀው ስልክ ያደክማል፣ ቆጥቋጣ መባሉም አለ። ሁሉም እውነት ነው። ግን ዳታ ላይ ሌላም ችግር አለ፤ ቆጣሪው ሻጩ ዘንድ ነው ያለው። ስንት ሜጋባይት እንደበላን የሚነግረን ራሱ የሚያስከፍለን ነው። ዝርዝሩን ካልጠየቅነው በቀር የምናመሳክርበት ነገር የለንም።

ዳታ ደግሞ እንደ ጥሪ አይደለም። ስትደውል ታውቀዋለህ። ዳታ ግን አንተ ተኝተህም ይሠራል፤ ፎቶ ወደ ደመና ይጭናል፣ አፕ ያድሳል፣ ቪዲዮ በራሱ ይከፍታል። በ2015 አፕል ባወጣው ማሻሻያ ላይ የቤት ዋይፋይ ሲደክም ስልኩ በራሱ ወደ ሞባይል ዳታ እንዲሻገር የሚያደርግ አገልግሎት አስቀድሞ በርቶ መጣ። በወሩ ካሊፎርኒያ ውስጥ ክስ ቀረበበት። ደንበኛው ቤቱ ተቀምጦ፣ ዋይፋይ ላይ ነኝ ብሎ፣ ፓኬጁ እያለቀ ነበርና።

ሮሚንግ ሲሆን ይብሳል። ስንት ዓመት ያላየው አገሩ ገብቶ፣ አውሮፕላኑ ቦሌ እንዳረፈ «ደርሻለሁ» ሊል ስልኩን የሚያበራውን መንገደኛ አስቡት። እሱ የላከው አንድ መልእክት ነው። ስልኩ ግን አሥራ ምናምን ሰዓት አምቆ የያዘውን ኢሜይል፣ ፎቶና ማሻሻያ በአንዴ ይለቀዋል። የሮሚንግ ፓኬጅ ካልገዛ ቢሉ አሜሪካ ሲመለስ ይጠብቀዋል። የአውሮፓ ኅብረት ለዚህ መላ ያበጀው በሕግ ነው። ከሐምሌ 2010 ጀምሮ ደንበኛው ሌላ ካልመረጠ በቀር የሮሚንግ ዳታ 50 ዩሮ ሲደርስ እንዲቋረጥ አስገደደ። ከሰኔ 2017 ወዲህ ደግሞ በኅብረቱ አገሮች መካከል የሮሚንግ ጭማሪ ቀረ። አሜሪካ የመረጠችው የኩባንያዎቹን ቃል ኪዳን ነው። በ2011 በተስማሙት መሠረት ፓኬጅህ ሊያልቅ ሲል በነጻ ቴክስት ይልኩልሃል። ማስጠንቀቂያ ጥሩ ነው፤ ግን ማስጠንቀቅና ማቋረጥ አንድ አይደሉም።

አገር ቤት ደግሞ መልኩ ሌላ ነው። አብዛኛው ሰው አስቀድሞ ካርድ ሞልቶ ነው የሚጠቀመው፤ ወር ጠብቆ የሚመጣ፣ በእጅ ይዘው የሚከራከሩበት ወረቀት የለም። ፓኬጁ ማለቁን ሳያውቅ ዳታውን ሳይዘጋ የተወ ሰው ዋናው ሒሳቡ ሲነካ የሚያየው ቀሪውን ሲጠይቅ ነው። እዚህ ሆነን ለእናት ለአባት ካርድ የምንልክ ይህን ንግግር በቃላችን እናውቀዋለን። «እማዬ፣ ትናንት የላኩልሽ ካርድስ?» «ልጄ፣ ምኑን አውቄው፣ በላው መሰለኝ።» ማን በላው? አንዳንዴ ዳታው ነው። አንዳንዴ ደግሞ አንድ ቀን «ኦኬ» ብለው ሲመልሱ የተመዘገቡበት፣ በየቀኑ ሳንቲም የሚቆርጥ የአጭር ቁጥር መልእክት ነው።

ይህም የኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ በወር 9.99 ዶላር የሚቆርጡ የኮከብ ቆጠራና የጥሪ ዜማ መልእክቶች ማንም ሳያዛቸው ቢል ላይ ይገቡ ነበር። ኩባንያዎቹም ከእያንዳንዷ ክፍያ ድርሻ ነበራቸው። በ2014 ኤቲ ኤንድ ቲ 105 ሚሊዮን ዶላር፣ ቲ ሞባይል ቢያንስ 90 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2015 ደግሞ ቬራይዞን 90 ሚሊዮን፣ ስፕሪንት 68 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው ጉዳዩን ዘግተዋል። ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁማለች። አቤት የሚባልበት በር አለ ማለት ነው። በር ግን የሚያንኳኳ ከሌለ ግድግዳ ነው።

ታዲያ እንዴት ይጠየቃል? ሠፈር ውስጥ የሰው ቢል እያገላበጥኩ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ስልኩን ጠይቁት። ሴቲንግ ውስጥ የትኛው አፕ ስንት እንደተጠቀመ ይታያል። የቢሉ ወር ከየት እስከ የት እንደሆነ አይታችሁ ከዚያ ጋር አመሳክሩትና ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚሁ ያልቃል። ማታ ማታ ካርቱን የሚያይ ልጅ ይገኛል፤ ኩባንያው ልክ ነበር፣ እናንተም አወቃችሁ። ይህ ሽንፈት አይደለም፤ በሚቀጥለው ወር አይደገምም።

ካልተገኘ ወደ ኩባንያው ነው። ስሜትን አስቀምጦ ሦስት ነገር ብቻ መጠየቅ ይበቃል፤ መቼ፣ ስንት፣ በየትኛው ኔትወርክ። «ሌባ ናችሁ» ያለ ሰው የሚያገኘው ይቅርታ ነው፤ «ዝርዝሩን ላኩልኝ» ያለ ግን ወረቀት ያገኛል። ሰዓቱን ስታዩ ጥንቃቄ አድርጉ፤ ቢሉ ላይ ያለው ሰዓት የእናንተ ከተማ ሰዓት ላይሆን ይችላል። ከስልክ ጥሪ ይልቅ በጽሑፍ ማድረጉ ይሻላል። ከደወላችሁም ያነጋገራችሁትን ሠራተኛ ስምና የቅሬታውን ቁጥር ያዙ። ቢሉን ሙሉ በሙሉ አልከፍልም ማለት ስልክ ያዘጋል፤ ያልተከራከራችሁበትን ከፍላችሁ የቀረውን በክርክር ላይ መሆኑን በጽሑፍ አሳውቁ።

የሚሰጣችሁ የመጀመሪያ መልስ «ሲስተሙ እንደዚህ ነው የሚያሳየው» የሚል ይሆናል። ይህ መልስ አይደለም፤ የጠየቃችሁት ሲስተሙ ለምን እንደዚህ እንዳሳየ ነውና። በአሜሪካ ያለን ከዚህ በኋላ ለኤፍሲሲ ማመልከት እንችላለን። መደበኛ ያልሆነው አቤቱታ ክፍያ የለውም፣ ጠበቃም አይፈልግም። መሥሪያ ቤቱ አቤቱታውን ሲያደርሰው ኩባንያው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ መስጠት አለበት። ስልክ ላይ አልሆን ያለው ነገር በዚህ መንገድ ሲሆን አይቻለሁ። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችሁን ደግሞ ካርድ ስትልኩላቸው ከፓኬጅ ውጭ ዳታ እንዲዘጉ፣ የማያውቁት አጭር ቁጥር ካለም «ስቶፕ» ብለው እንዲመልሱ አስታውሷቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ይህ ሁሉ ልፋት ለሁለት ዶላር ነው? ለደዋዩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልለፋሁም፣ ባልመከርኳችሁም። በ2010 ገንዘቡ የተመለሰላቸው 15 ሚሊዮን ሰዎች አብዛኞቹ ደውለው አያውቁም። ቢላቸውን ያላነበቡ ነበሩ፣ አንብበው ያልገባቸው ነበሩ፣ ገብቷቸው «ተወው» ያሉም ነበሩ። ሒሳባቸውን ያስመለሱላቸው ግማሽ ቀን ያባከኑት፣ ቆጥቋጣ የተባሉት ጥቂቶች ናቸው። አንድ ቅሬታ ብቻውን ሁለት ዶላር ነው፤ ተጠራቅሞ መዝገብ ላይ ሲቀመጥ ግን ማስረጃ ይሆናል። ኩባንያም ሆነ መንግሥት «ማንም አላመለከተም» ማለት የማይችለው ያኔ ነው።

በየቤታችን እንግሊዝኛ የማያነብ፣ ቢል ሲመጣ አጥፎ መሳቢያ ውስጥ የሚከት፣ የተባለውን ሁሉ በወቅቱ የሚከፍል ትልቅ ሰው አለ። ያ ሰው በዚያው ኩባንያ፣ በዚያው ዋጋ፣ በዚያው ስህተት ይከፍላል። እሱ አይደውልም። እኛ ግን ቋንቋውም፣ ስልኩም፣ ትንሽ ትዕግሥትም አለን። ስለዚህ የሚቀጥለው ቢል ሲመጣ ድምሩን ብቻ አይታችሁ አትለፉት። ያልገባችሁን አንድ መስመር መርጣችሁ ጠይቁ። «ለሁለት ዶላር ብለህ ነው?» ለሚላችሁም መልሱ አጭር ነው፤ አዎ፣ ለሁለት ዶላር፣ ለአንተም ጭምር።