ቴስተር ሳልይዝ የገዛሁት ቻርጀር

በተለይ ኤሌክትሪሲቲ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ይህን ስታነቡ ትስቁብኝ ይሆናል። ሳቁ፤ ይገባኛል።

እማዬ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሌሊት ሌሊት የምትተኛው በኦክስጅን ማሽን ነው። ሲሊንደሩ አይደለም፤ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ኦክስጅንን ከአየር የሚለየው። መብራት ሲሄድ እሱም ቀጥ ይላል። ለዚህ ብዬ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪና ኢንቨርተር ገዛሁ። ባትሪው ላይ «ማሪን» ተብሎ ተጽፎ የሸራ ጀልባ ተሥሎበታል። ባሕር በሌለበት አገር፣ ያውም ከእንጦጦ ሥር፣ የጀልባ ባትሪ! ግን በእሱ አልተሳሳትኩም። የመኪና ባትሪ የሚሠራው ሞተር ለማስነሳት፣ ለጥቂት ሴኮንድ ብዙ ጉልበት እንዲሰጥ ነው። የጀልባው ወፍራም የእርሳስ ሰሌዳ ስላለው ቀስ እያለ ለሰዓታት ይሰጣል። ጀልባ ላይ የሚያድር ሰው ወደብ ሲደርስ ይሞላዋል፤ እኛ ደግሞ መብራት ሲመጣ።

የተሳሳትኩት ቻርጀሩ ላይ ነው። ሾላ ገበያ ቅቤ ልገዛ ሄጄ፣ መንገዴ ላይ አንድ ሱቅ ውስጥ አየሁት። ዋጋው ከሌላው በግማሽ ያንሳል። ልጁ «ጋሼ፣ ይሄ ይሻልዎታል፤ ቶሎ ይሞላል፤ ሌት ተቀን ቢሰካም ምንም አይሆንም» አለኝ። ቴስተሬ ቤት ነበር። ስንት ቮልት ይሰጣል ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። በአንድ እጄ ቅቤ፣ በአንድ እጄ ቻርጀር ይዤ ገባሁ።

ከሦስት ወር በኋላ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ስሌቴ ልክ ነበር፦ 12 በ100 ሲባዛ 1200 ዋት ሰዓት፤ ባትሪውን ላለመጉዳት ግማሹን ብቻ ብጠቀም 600። ማሽኑ 350 ዋት ይወስዳል። ኢንቨርተሩ የሚበላው ሲቀነስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ መቆየት ነበረበት። በ15 ደቂቃው ኢንቨርተሩ ጮኸ፣ ጠፋም። እማዬን ቀና አድርጌ በትራስ ደገፍኳት። መብራቱ የመጣው ከ40 ደቂቃ በኋላ ነው። ስለዚያ 40 ደቂቃ ሌላ ጊዜ ካልሆነ መጻፍ አልችልም።

ሲነጋ ቴስተሩን አወጣሁ። 15.6 ቮልት! እንዲህ ያለ ውሃ ያለው ባትሪ ሲሞላ እስከ 14.4 አካባቢ ይወጣል፤ ከሞላ በኋላ ግን ቻርጀሩ ወደ 13.5 ገደማ ዝቅ ማለት አለበት። የኔው ሳይወርድ ሦስት ወር ሙሉ ቀቀለው። ክዳኑን ስከፍት ውሃው ከሰሌዳዎቹ በታች ወርዷል። የት ሄደ? ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ሆኖ ተበትኗል። እማዬ ያጣችው ኦክስጅን በረንዳ ላይ እየተመረተ ነበር ማለት ነው። ይህን ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላችሁ!

የባትሪ ውሃ ጨምሬ ሞከርኩት፤ አልተመለሰም። ሌላ ባትሪ ገዛሁ። ለቻርጀሩ ግን ጋራዥ ያለውን የቀድሞ ተማሪዬን ይዤ፣ ቴስተሬንም በኪሴ አድርጌ ወደ ሾላ ተመለስኩ። «ቲቸር፣ ከባትሪው አንድ አሥረኛ ነው አይደል?» አለኝ። ልክ ነው፤ ለ100 አምፔር ሰዓት 10 አምፔር ገደማ። ከዚህ በጣም ያነሰውን ብንገዛ፣ መብራት በቀን ሁለቴ በሚሄድበት ሰፈር ባትሪው ሳይሞላ ይከርማል፤ ጎዶሎ የከረመ ባትሪ ደግሞ ሰሌዳው ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል። ባለ 10ሩም ቢሆን ግማሹን ለመመለስ 6፣ 7 ሰዓት ይፈልጋል። የባትሪ ዓይነት መምረጫ ያለውን ወሰድን፤ ውሃ ያለው፣ ጄልና ሊቲየም አሞላላቸው አንድ አይደለም። ሱቁ ውስጥ የሞላ ባትሪ ላይ ሰክተን ጠበቅን። 14.4... ቆየት ብሎ 13.6። ባለሱቁ «ፈተና ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። አዎ፣ ፈተና ነው።

ባትሪው አሁንም በረንዳ ላይ ነው፤ ሃይድሮጅን እሳት ይወዳልና መኝታ ቤት አላስገባውም። ትንሽ ሲሊንደርም እማዬ ክፍል ጥግ ላይ ታስሮ ቆሟል። ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት መብራት ለአንድ ሰዓት ያህል ጠፍቶ ነበር። እሷ ጠዋት ቡና ስንጠጣ ነው ከጎረቤት የሰማችው።

እስቲ ሌት ተቀን የተሰካ ቻርጀር ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ለኩትና ቁጥሩን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ቴስተር የሌለው ወደ ቤት ብቅ ይበል፤ አውሰዋለሁ።