ፓሪስን በ15፡10፣ ለንደንን በ15፡30

ትኬቱን ደጋግሜ አየሁት። ከፓሪስ መነሻ 15፡10፣ ለንደን መድረሻ 15፡30 ይላል። የሃያ ደቂቃ መንገድ! ለካ የለንደን ሰዓት ከፓሪስ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ስለሚቀር፣ ከአንድ ሰዓት ከሃያው በረራ ስልሳው ደቂቃ ወረቀቱ ላይ ይሰወራል።

ሁለቱ ከተሞች በቀጥታ መስመር 344 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ለእኛ ይህ ከአዲስ አበባ ጅማ በመኪና መሄድ ነው፤ ማልደን መናኸሪያ ተጋፍተን፣ ወልቂጤ ላይ ቁርስ ቀማምሰን፣ የጊቤን ሙቀት አልፈን፣ ከሰዓት ደክሞን የምንገባበት መንገድ።

በእርግጥ ሰማይ ላይ የሚያልፈው ጊዜ የጉዞው ትንሹ ነው። ከፓሪሱ የጋር ዱ ኖር ጣቢያ ሻርል ደ ጎል አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ለባቡር 13 ዩሮ ከፈልኩ። ትኩስ ክሩዋሳን ቅቤ ቅቤ በሚሸትበት አዳራሽ ሻንጣዬን እየጎተትኩ፣ ለፍተሻ ቀበቶዬን እየፈታሁ፣ ከበረራው የሚረዝም ጊዜ ቆሜ አሳለፍኩ።

ከዚያ ተነሣን። አውሮፕላኑ ሽቅብ ወጥቶ ሳይጠግብ ቁልቁል ጀመረ፤ አስተናጋጇ የሰጠችኝን ውሃ ሳልጨርስ ብርጭቆዋን ልትሰበስብ ተመለሰች። ከታች አረንጓዴና ቢጫው የፈረንሳይ ማሳ አለቀ፤ ግራጫው ባሕር አሥር ደቂቃ ያህል ታየ፤ ወዲያው የእንግሊዝ ነጭ የኖራ ገደል ብቅ አለ። ፈረንሳዊው አብራሪ ሉዊ ብሌሪዮ በሐምሌ 1909 እ.ኤ.አ. ይህን ባሕር በጠባቡ በኩል፣ ከካሌ ዶቨር፣ በእንጨትና በሸራ አውሮፕላኑ ሲሻገር 37 ደቂቃ ገደማ ፈጅቶበታል። በነሐሴ 1919 እ.ኤ.አ. በሁለቱ ከተሞች መካከል የየዕለት በረራ ሲጀመር ደግሞ የመጀመሪያዋ አውሮፕላን የያዘችው አንድ መንገደኛ ነበር፤ ከጋዜጣ፣ ከቆዳና ከክሬም ጋር ተጭኖ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል። ቀናሁበት። ቢያንስ አገሩን እያየ ሄዷል።

ለንደን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ አጠገቤ ተቀምጦ የመጣው ፈረንሳዊ ፓስፖርቱን ማሽኑ ላይ አስነክቶ ተሰወረ። እኔ ረጅሙ ሰልፍ ላይ ቀረሁ። ለፈረንሳይ የሸንገን ቪዛ፣ ለእንግሊዝ ሌላ ቪዛ፤ ሁለት ክፍያ፣ ሁለት ጊዜ የጣት አሻራ። ለዚህች መንገድ! አልዋሽም፣ በገንኩ።

ስመለስ ባቡር መረጥኩ። ለንደን መሃል፣ ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ውስጥ፣ የፈረንሳይ ድንበር ፖሊሶች ተቀምጠው ፓስፖርት ያያሉ። ደነገጥኩ። እግሬ እንግሊዝ ነው፤ የፈረንሳይን ኬላ ግን አለፍኩ። ባቡሩ ባሕሩን የሚሻገርበት፣ በ1994 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ዋሻ 50 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ 38ቱ ከባሕር ወለል በታች ነው። ጆሮዬ ጥው አለ፣ መስኮቱ ጠቆረ፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ የካሌ ሜዳ። ከመሃል ከተማ መሃል ከተማ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፤ ሻንጣ ጥበቃ የለም፣ ታክሲ አያስፈልግም፣ ከጣቢያው ወጥቼ በእግሬ ሆቴሌ ገባሁ። መንገዱን ለሚያስብ የምመክረው ባቡሩን ነው፤ ትኬቱን ግን ቀደም ብሎ ይቁረጥ፣ ቀኑ በቀረበ ቁጥር ዋጋው ይሰቀላል።