ዝምታ በስንት ዶላር

ሻጩ ልጅ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጎ አንዲት ቁልፍ ሲጫን፣ መደብሩ ውስጥ ሲያጉረመርም የነበረው የማሞቂያ ድምፅ ቀጥ አለ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ማሞቂያ መኖሩንም አላስተዋለችም ነበር። ቶሮንቶ በየካቲት እንዲህ ናት፤ አንድ ነገር የማያጉረመርምበት ቤት የለም፤ ሰውም ይለምደዋል። ድምፁ ሲጠፋ ግን ከባድ ዘንቢል እንዳስቀመጠ ሰው ትከሻዋ ወደ ታች ሲወርድ ተሰማት። ወዲያው አወለቀችው።

“ስንት ነው?” አለች።

ልጁ ነገራት። በዚያ ላይ 13 በመቶ ታክስ አለ። ዋጋን ወደ ብር መመንዘር ከተወች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ያን ቀን ግን መነዘረችው።

ሙያዋ ነርስነት ነው። አዲስ አበባ ሰባት ዓመት ሠርታበታለች። ቶሮንቶ ውስጥ ለጊዜው አረጋውያንን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታጎርሳለች። ወደ ሙያዋ ለመመለስ ኦንታሪዮ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2015 ጀምሮ የምትጠቀምበትን ኤንክሌክስ የሚባል ፈተና ማለፍ አለባት። ለማጥናት ያላት ጊዜ ሁለት ነው፤ አንደኛው ባቡር ውስጥ፣ ሁለተኛው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት።

የምትኖረው ከግሪንውድ ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ተጠጋግተው ከሚገኙበት የዳንፎርዝ ጎዳና አጠገብ። ጠዋት ጠዋት ወደ ምዕራብ የሚሄደውን የሁለተኛው መስመር ባቡር ትሳፈራለች። መስመሩ የተከፈተው በ1966 ነው። ባቡሩ በዋሻው ውስጥ በኩርባ ላይ ሲታጠፍ ብረት ብረትን ሲፍቅ የሚወጣው ጩኸት ጥርስን ያንገጫግጫል፤ ከሥሩ ደግሞ የማያቋርጥ ከባድ ጉርምርምታ አለ። በዚያ መሀል የተቀዳ ትምህርት ለመስማት የስልኳን ድምፅ እስከ ጥግ ትከፍተው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ጆሮ ደኅና ነው የሚለው 80 ዴሲቤል በሳምንት ለ40 ሰዓት መሆኑን ነርስ ናትና ታውቃለች። እሷ ከዚያ በላይ እንደምትሰማም ታውቃለች፤ ማታ ስትተኛ ጆሮዋ ውስጥ የሚጮኸው ነገር ይነግራታል።

ለሻጩ የነገረችው ይህንን ነው። ሁለተኛውን ምክንያት አልነገረችውም።

ሁለተኛው ምክንያት አባቷ ናቸው። ከረጅም ጥበቃ በኋላ ባለፈው መስከረም መጡ። አንድ ሻንጣ ልብስ፣ አንድ ሻንጣ በርበሬና ሽሮ፣ እንዲሁም በጋቢ የተጠቀለለ በገና ይዘው። አንድ መኝታ ቤት ያላት አፓርታማ ናት፤ መኝታ ቤቱን ለሳቸው ሰጥታ እሷ ሳሎን ታድራለች። ሁዳዴ ሲገባ አባቷ ከማታ ጸሎት በኋላ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በገናውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ይደረድራሉ። 55 ቀን፣ በየምሽቱ፣ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ። ግድግዳው ስስ ነው።

በገና ጮክ የሚል መሣሪያ አይደለም፤ ግን ይሠርጋል። ከአውታሮቹ ሥር ጣል የሚደረጉት የቆዳ ቁራጮች፣ እንዝራዎቹ፣ እያንዳንዱን ድምፅ እንደ ንብ ያስጮኹታል፤ ከዚያ በታች ያለው ወፍራም ድምፅ ደግሞ ከጆሮ ይልቅ በወለልና በወንበር በኩል ይመጣል። ልጅ እያለች በዚያ ድምፅ ነበር እንቅልፍ የሚወስዳት። አሁን ስለ ልብ ድካም መድኃኒቶች እያነበበች ዐሥሩ አውታር አንድ ባንድ ሲነካ፣ ዓይኗ ከመስመር መስመር ይዘላል፤ ልቧ ሌላ አገር ይሄዳል።

“አባዬ፣ ዛሬ እንኳ ተወው” ማለት ትችል ነበር። ሦስት ጊዜ በሩ ድረስ ሄዳ ተመልሳለች። እናቷ ካረፉ ወዲህ አባቷ ብዙ አይናገሩም፤ የሚናገሩት በአሥሩ አውታር ነው። ውጭ በረዶ ነው፤ ቋንቋውን አይሰሙም፤ ቀኑን ሙሉ የሚያደርጉት ነገር የለም። የቀረላቸው ይህ ብቻ ነው። ስለዚህ እሳቸውን ዝም ከማሰኘት የራሷን ጆሮ መዝጋት ቀለላት።

አንድ ሳምንት ሙሉ ስለ ማዳመጫ አነበበች። የውጭን ድምፅ የሚያጠፋው መሣሪያ ጥጥ እንደ መወተፍ አይደለም። ከውጭ በኩል ያሉ ጥቃቅን ማይክሮፎኖች የሚመጣውን የድምፅ ማዕበል ይሰሙና፣ መሣሪያው የዚያን ማዕበል ግልባጭ ይሠራል፤ ማዕበሉ ከፍ ሲል ይኼ ዝቅ፣ ዝቅ ሲል ይኼ ከፍ። ሁለቱ ጆሮ ደጃፍ ላይ ሲገናኙ ይጣፋሉ። ስለዚህ በዚያ ዝምታ ውስጥ የሚሆነው ድምፅ አለመኖር አይደለም፤ ድምፅን በድምፅ መምታት ነው።

ሐሳቡ አሮጌ ነው። ፓውል ሉግ የሚባል ጀርመናዊ በ1936 የአሜሪካ የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ጆሮ ላይ እንዲውል ካደረጉት ሰዎች አንዱ ደግሞ አማር ቦዝ ነው። አባቱ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ላይ ሲታገሉ ቤንጋልን ጥለው ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ሰው ነበሩ፤ እሱ የተወለደው ፊላደልፊያ ነው። በ1978 ከዙሪክ ወደ ቦስተን ሲበር፣ አየር መንገዱ በሰጠው ማዳመጫ ሙዚቃ ለመስማት ቢሞክር የሞተሩ ድምፅ አላሰማው አለ፤ እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኖ ስሌቱን ጀመረ። በ1989 ለአውሮፕላን አብራሪዎች፣ በ2000 ደግሞ ለተራው መንገደኛ የሚሆነው ለገበያ ወጣ። የስደተኛ ልጅ መሆኑን ስታነብ ፈገግ አለች።

መሣሪያው ሁሉንም ድምፅ እኩል አያጠፋም። የሚያሸንፈው ወፍራምና የማያቋርጥ ድምፅን ነው፤ የሞተር፣ የማሞቂያ፣ የባቡር ጉርምርምታ። ድንገት የሚመጣውንና ቀጠን ያለውን፣ የሰው ንግግርን፣ የሕፃን ልቅሶን፣ የሳህን መንኳኳትን የሚቀንሰው በአብዛኛው ጆሮውን የሚከብበው ትራስ ነው። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነውን ዓይነት የመረጠችውም ለዚህ ነው።

መደብሩ ውስጥ አራት ዓይነት ሞከረች። ሻጩ ስለ ድምፅ ጥራት ሲያወራ እሷ የምታስበው ስለ ሹሩባዋና ስለ መነጽሯ ነበር። ትራሱ ቆዳ ላይ ካልተጣበቀ የውጭው ድምፅ በክፍተቱ ይገባል፤ የመነጽር ዘንግና ወፍራም ሹሩባ ደግሞ ክፍተት ይፈጥራሉ። ይህን የሚነግር ማስታወቂያ አላየችም። የአፕሉ ኤርፖድስ ማክስ አሠራሩ ያምራል፤ ግን 385 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንገቷ ታወቃት። 250 ግራም አካባቢ የሆኑት ቀለል አሏት። ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጠየቀች፤ 30 ሰዓት ለሷ በቂ ነው። ከስልክና ከኮምፒውተር ጋር በአንድ ጊዜ በብሉቱዝ መገናኘት መቻሉን ጠየቀች፤ ትምህርቱ በኮምፒውተር፣ የሥራ ጥሪው በስልክ ነውና። ገመድ የሚቀበል መሆኑን ጠየቀች፤ ባትሪ ያልቃል። በመጨረሻ መመለስ ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። ይቻላል፤ ደረሰኙ እስካለ፣ ቀኑ እስካላለፈ። ያለፈው ዓመት ምርት የሆነውን፣ ዋጋው የተቀነሰውን ጥቁሩን ወሰደች። ደረሰኙን ቦርሳዋ ውስጥ ከመታወቂያዋ ጋር አስቀመጠችው።

በማግሥቱ ጠዋት ባቡር ውስጥ አደረገችው። ዶንላንድስ፣ ፔፕ፣ ቼስተር፤ ዋሻው እንዳለ ነው፤ ጉርምርምታው ግን የለም። ብሮድቪውን አልፎ ባቡሩ ከዋሻው ወጥቶ በድልድዩ ላይ የዶን ሸለቆን ሲሻገር፣ በረዶ የለበሰው ሸለቆ ያለ ድምፅ ከሥሯ አለፈ። የትምህርቱን ድምፅ ከወትሮው ግማሽ ላይ አድርጋ እያንዳንዱን ቃል ሰማች። ለዚህ ብቻ እንኳ ገንዘቡ አይቆጭም አለች።

ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን አባቷ ጀመሩ። እሷም ቁልፉን ተጫነች።

በገናው አልጠፋም፤ ተከፈለ። ወፍራሙ ድምፅ፣ በወንበር በኩል የሚመጣው፣ ከሰመ። የቀረው የእንዝራው ንዝረት ብቻ ነበር፤ ደረቅ፣ ቀጭን፣ ጣሳ ውስጥ እንደገባ ዝንብ። የአባቷም ድምፅ ከሩቅ አገር በስልክ እንደሚመጣ ሆነ፤ ለዓመታት ስትሰማው እንደኖረችው ማለት ነው። ትንሽ ቆየችና የዝናብ ድምፅ ከፍታበት ያንንም ሸፈነችው። በዚያ ምሽት 60 ጥያቄ ሠራች። በማግሥቱ 75። ከሳምንት በኋላ የሙከራ ፈተናው ውጤቷ ከፍ አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሏት ነበር።

አንድ ምሽት ወደ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ባትሪው አለቀ። ገመዱን ለመፈለግ ማዳመጫውን አወለቀች። ቤቱ ጸጥ ብሏል። አባቷ ዛሬ ቶሎ ተኙ ብላ አሰበች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ መብራቱም በርቷል። አባቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ግድግዳውን ያያሉ። በገናው ጥግ ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ ቆሟል፤ ከአዲስ አበባ እንደመጣበት ቀን ታስሮ።

“አባዬ፣ አልደረደርክም ዛሬ?”

“ዛሬማ አልደረደርኩም” አሉ። “ሰሞኑንም አልደረደርኩም።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

አባቷ ትንሽ አሰቡ። ቀኑን አልነገሯትም። “ያን ነገር ጆሮሽ ላይ አድርገሽ አየሁሽ። ጥናት ላይ ናት፣ ረበሽኳት ማለት ነው ብዬ ነው። ብትነግሪኝ ምን ነበረበት፣ የኔ እናት?”

መልስ አልነበራትም። ሳሎን ተመልሳ ተቀመጠችና ቀኖቹን ለመቁጠር ሞከረች። ማክሰኞ ሰምታው ነበር? ወይስ ያ ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ነው? ከየትኛው ምሽት ጀምሮ ባዶ ቤት ላይ የዝናብ ድምፅ ስትከፍት እንደቆየች ማወቅ አልቻለችም። በሥራ ቦታዋ ከሰዎቿ አንዱ ምግብ መብላት ቢያቆም በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሰዓት እንደሆነ መዝግባ ታስረክባለች። የአባቷን ዝም ማለት ግን የመዘገበው ሰው የለም።

ስደት ብዙ ነገር ያስተምራል፤ ከሚያስተምረው አንዱ መርጦ መስማት ነው። የጎረቤትን ቋንቋ፣ የአለቃን ድምፅ፣ ከአገር ቤት ሌሊት የሚደወለውን ስልክ፣ በዜና የሚመጣውን ሁሉ ሰው እኩል ቢሰማ አይኖርም። ስለዚህ አንዱን ይዘጋል፣ ሌላውን ይከፍታል። ችግሩ ዝምታው ሲመጣ ነው፤ የዘጋው እሱ ይሁን ወይስ በዚያ በኩል ያለው ሰው መናገር ትቶ ይሁን ከውስጥ ሆኖ አይለይም።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ማዳመጫውን በአባቷ ጆሮ ላይ አደረገችላቸው። ከኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞች 11ኛው የዓለሙ አጋ በገና ነው፤ እሱን ከፈተችላቸው። አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ ሰሙ። ሲያወልቁት በሁለት እጃቸው ይዘው አገላበጡት።

“ጥሩ ነገር ነው። እንዲህ አጥርቶ ሲሰማ አላየሁም” አሉ። ከዚያ ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ። “እዚህ ግን አይመጣም።”

እሷም መሣሪያው ምን እንደሚያደርግ ነገረቻቸው። ስለ ባቡሩ፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ ሦስቱ ሰዓቶች፣ በሩ ድረስ ሄዳ ስለተመለሰችባቸው ምሽቶችም ነገረቻቸው። አባቷ ሳቁ። “ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዶላር የከፈልሽው? አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር።”

ደረሰኙ ላይ ያለው የመመለሻ ቀን ሊያልፍ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። አልመለሰችውም፤ ባቡሩ አሁንም ያው ባቡር ነውና። የሁዳዴው ቀሪ ምሽቶች ግን ሥርዓት ወጣላቸው። ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት አባቷ ሳሎን መጥተው ይደረድራሉ፤ እሷ መሬት ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ አስደግፋ፣ ስልኳን አጥፍታ ትሰማለች። ወፍራሙ ድምፅ በወንበሩ በኩል ወደ ጀርባዋ ይመጣል።

ሁለት ሰዓት ሲሞላ አባቷ በገናውን በጋቢው ይጠቀልሉና፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማዳመጫ አንስተው ራሳቸው ያቀብሏታል።

“በይ፣ አድርጊው” ይላሉ። “እኔ ጨርሻለሁ።”