መምሪያው ያለፈው እስክንድርያ

ከካይሮ እስክንድርያ ያለው የባቡር መንገድ በዴልታው ማሳ መካከል አለቀ፤ ትዝ የሚለኝ ጭቃና የቴምር ዛፍ ብቻ ነው። አንገቴን ደፍቼ የጉዞ መምሪያዬን ነበር የማነበው። ስለ ክሊዮፓትራ ገጽ ሙሉ፣ ስለ ባሕር ዳር ቡና ቤቶች ደግሞ እስኪሰለች ድረስ ይተርካል። ለቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል የሰጠው ግን አንድ መስመር ተኩል ነው።

ይህ አናደደኝ። እኔ የእስክንድርያን ስም የሰማሁት ገና ፊደል ሳልቆጥር፣ ስንክሳር ሲነበብ ነው። አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው ከዚህች ከተማ ነው። ከዚያ ወዲህ አቡነ ባስልዮስ በ1951 ዓ.ም. ፓትርያርክ እስኪሆኑ ድረስ፣ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ያህል፣ ቤተ ክርስቲያናችን ከማርቆስ መንበር ጋር ተሳስራ ኖራለች።

መጽሐፉ መጀመሪያ የመራኝ ካርሙዝ ሠፈር ወዳለው «የፖምፔ ዓምድ» ነው። ቁመቱ 27 ሜትር የሚጠጋ፣ ከአስዋን የመጣ ቀይ ጥርብ ድንጋይ። መምሪያው ፎቶ የሚያምርበትን ሰዓት ሳይቀር ነግሮኛል። ዓምዱ የፖምፔ ሳይሆን ለዲዮቅልጥያኖስ ክብር የቆመ መሆኑን ግን በቅንፍ ውስጥ አለፈው። ዲዮቅልጥያኖስ! አብያተ ክርስቲያናትን ያስዘጋው፣ መጻሕፍትን ያስቃጠለው ንጉሥ። ግብፆች ዘመናቸውን የሚቆጥሩት እሱ ከነገሠበት፣ እ.ኤ.አ. ከ284 ጀምሮ ነው፤ የእኛ ባሕረ ሐሳብም ዓመተ ሰማዕታት እያለ ያውቀዋል። ያ ሁሉ ሰው የተገደለበት ንጉሥ መታሰቢያ ሥር ቆሜ፣ ጎብኚው ሁሉ እየሣቀ ፎቶ ሲነሣ ሆዴ ተረበሸ። ቶሎ ወጣሁ።

ካቴድራሉ ከራምል ጣቢያ ብዙ አይርቅም። በር ላይ ጥብቅ ፍተሻ አለ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የሆሣዕና ዕለት በሩ ላይ ቦምብ ፈንድቶ ሰው ስላለቀ አልተቀየምኩም። የወንጌላዊውን ዐፅም የቬኒስ ነጋዴዎች በ828 እ.ኤ.አ. ወስደውታል። ቢሆንም ተንበርክኬ ቆየሁ።

ሲመሽ ዝናብ ጀመረ። የእስክንድርያ ሰዎች የክረምቱን ማዕበል እያንዳንዱን በስም ነው የሚጠሩት። በመምሪያው ምክር አንፉሺ የሚገኝ አንድ የዓሣ ምግብ ቤት ገባሁ፤ ዓሣው በረዶ ላይ ተደርድሮ ይመረጣል። ብቻ ወሩ ታኅሣሥ ነው፣ ጾመ ነቢያት ላይ ነኝ። አስተናጋጁ ሽማግሌ ናቸው፤ በእጃቸው አንጓ ላይ የመስቀል ንቅሳት አየሁ። ጅዳ በለመድኩት ዓረብኛ «አባቴ፣ ጾም ላይ ነኝ፣ ፉል ይበቃኛል» አልኳቸው።

«እኔም ጾም ላይ ነኝ። በገና ጾም ዓሣ ይበላል» አሉ።

«እኛ አንበላም።»

«እናንተ እነማን ናችሁ?»

«ኢትዮጵያውያን።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጾሙን ከእነሱ እንደተቀበልን፣ ስለዚህም ሕጉን እነሱ እንደሚያውቁ ያስረዱኝ ጀመር። እኔም ጾም ያጠበቀ ሰው ምን በደለ ብዬ ተሟገትኩ። ድምፃችን ከፍ አለ፤ ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ዞር ብለው አዩን። በክርክሩ መሐል ቀኑን ጠየቅኳቸው።

«ኪያክ 12» አሉ።

«በእኛም ታኅሣሥ 12 ነው።»

«ሚካኤል ነው» አሉ።

«ሚካኤል ነው» አልኩ። ወር በገባ በ12 እናቴ ጠላ ጠምቃ፣ ዳቦ ደፍታ ጎረቤት ስትጠራ ያደግኩ ሰው፣ ከአገሬ ይህን ያህል ርቄ፣ የማላውቃቸው ሽማግሌ ቀኑን ከነመልአኩ ሲጠሩልኝ ዕንባዬ መጣ። እሳቸው ተነሥተው ፉል በዘይት፣ ጣሂና፣ የተጠበሰ ደበርጃን፣ ትኩስ እንጀራቸውን ከምረው አመጡ። ስለ ዓሣው ግን አልተረቱም፤ እኔም አልተረታሁም።

ሒሳብ ስከፍል፣ በኪያክ ወር ቅዳሜ ሌሊት እስኪነጋ ድረስ ለእመቤታችን ምስጋና እንደሚቆም ነገሩኝ፤ የደብራቸውን ስምና የሚያደርሰኝን ትራም መምሪያው ኅዳግ ላይ በእጃቸው ጻፉልኝ። ለማግስቱ የቆረጥኩትን የካይሮ ቲኬት ወደ እሑድ አዛወርኩ።