ከዴዝክሎው እና ከቢምቢ የትኛው ይከብዳል?

ጌም የሚጫወቱ ሁለት ልጆች ከተገናኙ የማያልቅ ክርክር አላቸው፤ «የትኛው አውሬ ነው የሚከብደው?» ኳስ ወዳዱ በሜሲና በሮናልዶ እንደሚጣላው በሉት። በተለይ ዓለም ከጠፋች በኋላ ያለውን ዘመን በሚያሳዩት ጌሞች ላይ ክርክሩ ይብሳል። ኒውክሌር ፈንድቷል፣ ከተማው ፈርሷል፣ የተረፈው እንስሳ በጨረር ተበላሽቶ ጭራቅ ሆኗል። እናንተ ደግሞ አንድ የዛገ ሽጉጥና ጥቂት ጥይት ይዛችሁ ብቅ ትላላችሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የባለታሪካችሁን አቅም ደረጃ በደረጃ እያሳደጉ አለመሞት ነው። የዚህ ዓይነቱ ጌም ቁንጮ ፎልአውት ነው፤ የመጀመሪያው በ1997 ወጣ፣ በ2024 ደግሞ ተከታታይ ፊልም ሆነ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው፤ ጌሞቹ የእነሱ ናቸውና።)

እኔም በክርክሩ አለሁበት። «ሴት ልጅ ጌም ምን አገባት?» የምትሉ ካላችሁ አዳማ ኑና ታናሽ ወንድሜን ጠይቁት። በነገራችን ላይ ፎልአውት እኛ ሰፈር የገባው በፕሌይስቴሽን ቤት በኩል አይደለም። እዚያ የሚከፈለው በግጥሚያ ነው፤ የተሸነፈ ይነሳል፣ ተረኛ ይቀመጣል። ስለዚህ ኳስ ነው፣ ቴክን ነው። ስልሳ ሰባ ሰዓት የሚፈጅ ታሪክ ማን ከፍሎት ያልቃል? ፎልአውት የደረሰን ከሰው ሰው በሃርድ ዲስክ ሲገለበጥ ነው፤ ወንድሜ ቀን ይጫወታል፣ እኔ ማታ መብራት ካለ እቀጥላለሁ።

እና ከባዱ ማን ነው? አብዛኛው ሰው «ዴዝክሎው» ይላል። ከሰው የሚረዝም፣ ጥፍሩ እንደ ማጭድ የሆነ፣ አንዴ ካያችሁ በሩጫ የማታመልጡት ፍጡር ነው። የጌሙ ታሪክ እንደሚለው ከጦርነቱ በፊት የአሜሪካ መንግሥት ለውጊያ ብሎ ያዳቀለው ሲሆን፣ ዋናው መነሻው ባለ ሦስት ቀንዱ የጃክሰን እስስት ነው። የጃክሰን እስስት አገሩ የት መሰላችሁ? ኬንያና ታንዛኒያ! የጎረቤት ልጅ ነዋ። እኛ ጋ እስስት የምትታማው ቀለም በመቀያየሯ ብቻ ነው፤ ፈረንጆቹ ግን ጥፍር ጨምረው የዓለም መጨረሻ አደረጓት። የጌሙ ግዙፍ ጊንጥ ዘሩም ኤምፐረር ከሚባለው ጊንጥ ነው፤ እሱ ደግሞ የምዕራብ አፍሪካ ልጅ ነው። አፍሪካ ለዓለም ፍጻሜ ያዋጣችው ቀላል አይደለም።

ግን «ከባድ» ስንል ምን ማለታችን ነው? በ2008 የወጣውን ፎልአውት 3 ውሰዱ። እዚያ አብዛኛው አውሬ የሚመጣው የእናንተን ደረጃ እያየ ነው፤ ደካማ ከሆናችሁ ደካማ ይላክላችኋል፣ ስትጠነክሩ እሱም ይጠነክራል። በ2009 የተጨመረው ብሮክን ስቲል ላይ ነጭ ጊንጥ አለ፤ ብትተኩሱበት ብትተኩሱበት አይወድቅም። ብዙ ተጫዋች እሱን ከባድ ይለዋል። እኔ ግን አድካሚ ነው የምለው። ጥይታችሁን ከመጨረስ ሌላ ምንም የሚያሳስባችሁ ነገር የለውም።

የ2010ሩ ኒው ቬጋስ ግን ሌላ ነው። ጉድስፕሪንግስ ከምትባል ትንሽ መንደር ትነሳላችሁ። ቬጋስ በሰሜን በኩል ናት፣ ቀጥ ብላችሁ ብትሄዱ ቅርብ ናት። ታዲያ በመንገዱ ላይ ያለውን የድንጋይ ካባ ዴዝክሎዎች ሰፍረውበታል፤ በተራራው በኩል ልዙር ካላችሁ ደግሞ ካዛዶር የተባሉ ግዙፍ መርዘኛ ተርቦች ይጠብቋችኋል። ጀማሪ መሆናችሁ አንጀታቸውን አይበላውም። ስለዚህ በደቡብ በኩል ፕሪምን፣ ኒፕተንን፣ ኖቫክን አድርጋችሁ አገር ምድሩን ትዞራላችሁ። እዚህ አውሬው የራሱ አገር አለው፤ መንገዳችሁን የሚወስነው እሱ ነው። ለእኔ ከባድ ማለት ይሄ ነው።

ለስምጥ ሸለቆ ልጅ ደግሞ ነገሩ አዲስ አይደለም። ከአዳማ ተነስታችሁ በወለንጪቲ በኩል ወደ መተሐራ ውረዱ። ከ1,600 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነስታችሁ ከ1,000 ሜትር በታች ትደርሳላችሁ። ግራ ቀኙ የፈንታሌ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው። የበሰቃ ሐይቅ በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር ይባላል፤ ከዚያ እያበጠ ከ40 በላይ ደረሰ፣ መንገዱንም ሲያስቸግር ኖረ። ጌም ሠሪ ቢያየው አንድ ድንጋይ ሳያነሳ ይወስደዋል። ይሄ ሁሉ ሰፊ ቆላ ደግሞ ለዘመናት ደገኛ ወርዶ ማደር የሚፈራው አገር ነበር። የፈራው አንበሳውን ወይም የአዋሽን አዞ ብቻ አይደለም። ወባን ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። በ2015 የወጣው ፎልአውት 4 ላይ ብለድባግ የሚባል ፍጡር አለ። በጨረር የገዘፈ ቢምቢ ነው፤ ውሻ አክሎ እየጮኸ ይመጣና ደም ሊመጥ ይሞክራል። ጀማሪ ተጫዋች ሳይቀር በሁለት ሦስት ጥይት ይጥለዋል። የጌም ሠሪዎቹ ሐሳብ ይገባኛል፤ ቢምቢን አስፈሪ ለማድረግ ማግዘፍ አለብን ብለው ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሳቄ ነው የመጣው። ይታያል! ይሰማል! ይመታል! የቢምቢን ጉልበት አንድ በአንድ ገፍፈው ክንፍ ያለው ውሻ አድርገዋት።

እውነተኛዋን አስቧት። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት (አትሳቁ)። የነከሰቻችሁን ሌሊት አታውቁትም። የተከለችባችሁ ነገር መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ትኩሳቱ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀን ቆይቶ ነው። በጌም ቋንቋ፣ የመታችሁን ሳታዩ፣ መመታታችሁን ሳታውቁ፣ የሕይወት መስመራችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ በድንገት ቀይ ይሆናል።

ከአገሯም ትወጣለች። በ1958 ወባ 3 ሚሊዮን ያህል ኢትዮጵያውያንን አሞ ወደ 150,000 የሚሆኑትን እንደገደለ ይገመታል። የሚያስደነግጠው ደግሞ ወረርሽኙ የመታው ቆለኛውን ብቻ ሳይሆን ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ የሚኖረውን፣ በሽታውን ያልለመደውን ሕዝብ መሆኑ ነው። 1,600 ሜትር ማለት አዳማ ማለት ነው። በዓመቱ በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ለአገሩ የወባ ባለሙያ ሲያሠለጥን የኖረ ማዕከልም እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለ። ስንቶቻችን በአጠገቡ አልፈን ምን እንደሆነ ሳንጠይቅ ቀርተናል! እኛ ራሳችንም አግዘናታል፤ የኮካ ግድብ በ1960 ሥራ ጀመረ፣ በኋላ በተደረጉ ጥናቶችም ለሐይቁ ዳርቻ የቀረቡ መንደሮች ከራቁት ይልቅ በወባ ሲጠቁ ተገኝተዋል። መብራቱ ለሁላችን፣ ትኩሳቱ ለእነሱ።

«ያ ድሮ ነው» እንዳትሉኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው ከ2024 ጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። ከሁሉም ክልል ብዙው የተመዘገበው ኦሮሚያ ነው።

ከእነዚያ ሚሊዮኖች አንዱ ወንድሜ ነው።

መተሐራ አካባቢ በኮንትራት የመስኖ ሥራ አግኝቶ ወርዶ ነበር። 2024 መገባደጃ ላይ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ስትንቀጠቀጥ የከረመችበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ፤ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለው ሰው ሳይቀር አምፖሉ ሲወዛወዝ ያየበት። ወንድሜ በስልክ «ቤት ውስጥ መተኛት ፈርተን ደጅ እያደርን ነው» አለን። እማዬ «አጎበሩስ?» ስትለው «አጎበር ሰማይ ላይ አይሰቀል፣ እማዬ» ብሎ ሳቀባት። መሬቱ ከቤት አስወጣቸው፣ ደጅ ደግሞ የምትጠብቃቸው ነበረች። ይሄን የጻፈ ጌም ሠሪ ቢኖር «አበዛኸው» ይባል ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ብርዱ ያዘው። ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ነበር፤ በአብዛኛው አፍሪካ ብርቅ የሆነ፣ እኛ አገር ግን የተለመደ። ክሎሮኪን ሰጡት፣ ከዚያ ደግሞ ፕሪማኪን ለ14 ቀን። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው። ሥራው የቀን ሂሳብ ነው፤ የተኛበት ቀን አይከፈልም። ክኒኑ ቦርሳ ውስጥ ቀረ፣ ልጁ ቦይ ውስጥ ገባ።

ፎልአውት ላይ ያጸዳችሁት ሰፈር ከቀናት በኋላ ስትመለሱ አውሬው እንደገና ተተክቶ ታገኙታላችሁ። ቫይቫክስም እንዲሁ ነው። ከደም ሲጠፋ ጉበት ውስጥ የተኛ ዘር ያስቀራል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነቃል። ፕሪማኪን የሚሰጠው ለዚህ ለተኛው ነው። ወንድሜ ጥር ላይ አዳማ ሳሎናችን ውስጥ፣ በአቧራና በነፋስ ወር፣ ቢምቢ በማይሰማበት ሰሞን ጥርሱ መንቀጫቀጭ ጀመረ። እማዬ ያደረባት ድንጋጤ አይነገርም፤ «ማን ነከሰው? እዚህ ማን ነከሰው?» ትላለች ደጋግማ። ማንም አልነከሰውም።

ያን ሌሊት ፎጣ እየነከርኩ ግንባሩ ላይ ሳደርግ ነው ስለ ጌም ማሰብ የጀመርኩት ብል ትታዘቡኛላችሁ፣ ግን እውነት ነው። የክሊኒኩ ፈጣን ምርመራ መጀመሪያ «ነፃ ነህ» አለው። በማግሥቱ ሌላ ቦታ በማይክሮስኮፕ ታየ፤ ነበረበት። የእሱ ለምን እንዳልታየ መናገር አልችልም። ግን ፋልሲፓረም በሚባለው ዝርያ ላይ ባለሙያዎች የደረሱበት ነገር አለ፤ ብዙዎቹ ፈጣን ምርመራዎች የሚፈልጉት አንድ ፕሮቲን ነው፣ ያንን ፕሮቲን የሚሠራ ዘረመል የሌላቸው ተህዋስያን ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ተገኝተዋል። መርማሪው የሚያውቀውን መታወቂያ ጥለው ያልፋሉ። ፎልአውት 4 ላይ ቀለሙን ቀይሮ የሚሰወር ዴዝክሎው አለ፤ እሱ እንኳ ሲጠጋችሁ ይታያል።

ስለ ደረጃ ማደግ ከተነሳ አንዷን ሳልጠቅስ አላልፍም። አኖፊለስ ስቴፈንሲ ትባላለች፤ መነሻዋ የእስያ ናት። እኛ አገር መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 ቀብሪደሃር ነው፤ በኋላ ድሬዳዋና አዋሽ ሰባት ኪሎም ተገኘች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ከተነሳው የወባ ወረርሽኝ ጋር ስሟ ተያይዟል። የቀድሞዎቹ የሚወዱት ረግረግና ኩሬ ነበር። እሷ ግን የከተማ ልጅ ናት፤ በርሜል ውስጥ፣ ሮቶ ውስጥ፣ የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ በርሜል የሌለው ግቢ አሳዩኝ! ኒው ቬጋስ ላይ አውሬው ካባው ውስጥ ይቆያል፣ እናንተ ዞራችሁ ታልፋላችሁ። ይቺ ካባዋን ትታ ወደ ግቢያችሁ የመጣች ናት።

በቀደም ለወንድሜ የራሴን ጌም አጫወትኩት። አገራችን ጌም መሥራት አያውቅም እንዳትሉ፤ ቅኔ ጌምስ የሠራው ኩኩሉ ላይ ተጫዋቹ ከገበሬው የምትሸሽ ዶሮ ነው፣ እንዲህ ያለ ጨዋታ ከእኛ በቀር ማን ያስባል? የእኔው ቦታው መተሐራ ነው። አውሬው አይታይም። የሕይወት መስመር የለውም። ጋሻችሁ አጎበር ነው፤ መሬት ሲንቀጠቀጥ ግን ጥላችሁት ትወጣላችሁ። መድኃኒቱን በሦስተኛው ቀን ማቆም ይቻላል፤ ጌሙ ምንም አይላችሁም፣ ዝም ብሎ ያስቀጥላችኋል። የመጨረሻው ትልቁ ውጊያ ደግሞ በርሜል መክደን ነው።

«ሰው ለመዝናናት ነው እኮ የሚጫወተው፣ አንቺ» አለኝ። ዘንድሮ ደህና ነው፤ የሁለተኛውን ዙር 14 ክኒን እማዬ እንደ ዳቤ ቆጥራ በየማታው አፉ ውስጥ እያየች ነው ያስጨረሰችው። ትንሽ አሰበና ጠየቀኝ።

«እሺ፣ እኔ የራሴን በርሜል ከድኜ ጎረቤቴ ባይከድንስ?»

«ትሸነፋለህ።»

«በሰው በርሜል?»

«በሰው በርሜል።»

«ይሄ ፍትሕ የለውም፤ ማንም አይገዛሽም» አለና ተነስቶ ወጣ። ከአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ የጎረቤታችንን ግቢ ሲያይ በመስኮት አየሁት። ሁለት በርሜል አላቸው። አንዱ ክዳን አለው።